የአባታችሁን ካሜራ ዘይት አታጠጡት

ሰሞኑን «የድሮ ካሜራዎን በአንድ ከሰዓት ያድሱ» የሚል ጽሑፍ በየስልኩ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ። በብዙ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ወላጆች የተጠቀሙበት የፊልም ካሜራ አለ። ተበላሽቷል ተብሎ ተረስቷል። ጸሐፊው ግን «አልተበላሸም፣ ደርቆ ነው» ይላሉ። ጀርባውን ከፍታችሁ አጽዱት። አልንቀሳቀስ ያለውን ዘይት ንፉበት። ቤት ያለ ካቻቢቴ ይበቃችኋል። መስታወቱን ወልውሉት፣ ሌንሱን በበረኪና እጠቡት፣ ባትሪ ለውጡለት። ለመለማመድ ደግሞ ፍላሽ ያለው ርካሽ የፕላስቲክ ካሜራ ገዝታችሁ ፍቱ። ሰባት ምክር ነው። አንድ በአንድ ላያቸው ነው።

ጸሐፊው ለእነዚህ ካሜራዎች ፍቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። ካሜራ ለጌጥ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ፎቶ ቢያነሳ ይሻላል ማለታቸውን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ብዙ ነገር አለ ማለታቸውም እውነት ነው። ችግሩ ምርመራቸው ላይ ነው። የድሮ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ዘይት አንሶት አይደለም። የነበረው ቅባት ረግቶበት፣ ስፖንጁ ቀልጦበት፣ እርጥበት ገብቶበት ነው። በሽታው ይህ ከሆነ መድኃኒቱ የተበላሸውን ማውጣት ነው። በላዩ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ያባብሰዋል።

ምሳሌ የምወስደው በአብዛኛው ከዜኒት-ኢ ነው። እኛ አገር ቁም ሳጥን ውስጥ እሱን ማግኘት አያስደንቅም። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያዊ ለትምህርትና ለሥልጠና ሶቪየት ኅብረት ሄዷል። ሲመለስ ዜኒት ይዞ የመጣ አለ። ካሜራው ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተሠራ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ወጥቷል። ከሌንሱ ጋር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ሻተሩ፣ ማለትም ተከፍቶ እየተዘጋ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው ክፍል፣ ከሰከንድ 1/30 እስከ 1/500 ድረስ አምስት ፍጥነት አለው፣ ከዚያ በተጨማሪ ጣት እስኪነሳ ክፍት የሚቆይበት «ቢ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል መማሪያ አላውቅም።

«ጀርባውን ከፍታችሁ በማጽዳት ጀምሩ»

ኧረ ቆዩ! ከመክፈታችሁ በፊት ውስጡ ፊልም መኖር አለመኖሩን እዩ።

ይህ ምክር የመጀመሪያው ሆኖ መቀመጡ በጣም አሳዝኖኛል። ብዙ የቤት ካሜራ የተቀመጠው ፊልም እንደጎረሰ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፎቶዎች ሳይነሱ ቀሩ፣ ካሜራው ቁም ሳጥን ገባ፣ ዓመታት አለፉ። በዚያ ፊልም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው ፎቶ ሊኖር ይችላል። የእናታችሁ የልጅነት ፊት፣ የፈረሰ ቤት፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ዘመድ። በሩን በቀን ብርሃን ስትከፍቱት ግልጥ ብሎ የተዘረጋው ክፍል ወዲያው ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ማወቂያው ቀላል ነው። ከላይ በግራ በኩል ያለውን የፊልም መመለሻ ቀስ ብላችሁ በቀስቱ አቅጣጫ አዙሩት። እንደ ልቡ ከዞረ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ፊልሙ ቀድሞ ወደ ቆርቆሮው ተጠቅልሎ ገብቷል። ሁለቱም አያሰጋም። ጣታችሁ ላይ ከከበደና ከያዘ ግን ፊልም አለ። ያኔ የመመለሻውን መልቀቂያ ተጫኑና በእርጋታ ጠቅልሉት። መጨረሻ ላይ ከብዶ ይቆይና ድንገት ይለቃል። እስኪለቅ ድረስ በሩን አትንኩ።

አልጠቀለል ካለ አትታገሉት። ያረጀ ፊልም ይሰባበራል፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም ይቀደዳሉ። ካሜራውን ሌሊት መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ በድፍን ጨለማ ክፈቱት። ቀይ መብራት አይቻልም። ቀይ መብራት የሚፈቀደው ለጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት ነው። የተለመደው ፊልም ግን ቀዩንም ያያል። ፊልሙን በእጃችሁ ጠቅልላችሁ፣ በአሉሚኒየም ፎይል አጥብቃችሁ ሸፍኑትና ለሚያጥብ ሰው የቆየ መሆኑን ነግራችሁ ስጡ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ታጥቦ ምስል ይሰጣል። ደብዘዝ ይላል፣ ጭጋግ ይኖረዋል፣ ሰው ግን ይለያል። ቆርቆሮው ላይ «ኮዳክሮም» የሚል ካያችሁ ደግሞ በቀለም ማጠብ አይቻልም። የመጨረሻው አጣቢ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ ከተማ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ፊልም መቀበል አቁሟል። በጥቁርና ነጭ ግን ዛሬም ምስል ሊወጣው ይችላል።

«አልንቀሳቀስ ያለ ነገር ላይ ሁሉ ደብሊው ዲ-40 ንፉበት»

ከሰባቱ ምክር ብዙ ካሜራ የሚገድለው ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ደብሊው ዲ-40 ውሃ ለማባረርና ዝገት ለመከላከል የተሠራ፣ ከጣሳ የሚነፋ ዘይት ነው። ለዛገ የበር ማጠፊያና ለመኪና ብሎን ጥሩ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ተንኖ ይጠፋል፣ ስስ ዘይት ይቀራል። ያ ዘይት በተነፋበት ቦታ አይቀመጥም። እየተሳበ በየጠባቡ ክፍተት ይገባል። የካሜራ ሆድ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠባብ ክፍተት ነው። ዘይቱ አቧራ ይይዛል፣ ከጊዜ በኋላ ይወፍራል፣ መጀመሪያ ከነበረው የባሰ ሙጫ ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ሻተር ለይታችሁ እወቁ። እንደ ካኖን ካኖኔትና እንደ ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ባሉት ካሜራዎች ሻተሩ ሌንሱ ውስጥ ነው። በጣም የሳሱ የብረት ቅጠሎች በአንድ ቅጽበት ተከፍተው ይዘጋሉ። እነዚህ ቅጠሎች የሚሠሩት በደረቁ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ዘይት አላስነካቸውም። በሁለት ስስ ብረቶች መካከል አንዲት የዘይት ጠብታ ከገባች አጣብቃ ትይዛቸዋለች። ትንሹ ምንጭ ሊያላቅቃቸው አቅም የለውም።

ይህን ያደረገ አንድ ወዳጄ ካኖኔቱን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ሌንሱን ከፊት ስታዩት ቅጠሎቹ ላይ የዘይት ቀስተ ደመና ይታያል። ቁልፉን ስትጫኑ ጠቅ ይላል፣ ቅጠሎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። መብራት አጠገብ ትንሽ ሲሞቅ ከፈት ብለው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ካሜራው መጀመሪያ የነበረበት ችግር ዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች መዘግየታቸው ብቻ ነበር። ከዘይቱ በኋላ አንዱም አይሠራም። የሌንሱን የፊት ክፍል አውጥቶ ዘይቱን ደጋግሞ ማጠብ ግድ ሆነ። ዘይቱ ወደ አፐርቸሩም፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን ወደሚወስነው የሌንሱ ቀዳዳ፣ ስለተሳበ እሱም መታጠብ ነበረበት።

ዜኒት ላይ ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። የዜኒት ሻተር ጎማ የተቀባ ጥቁር ጨርቅ ነው። ሁለት መጋረጃ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ከጎን ወደ ጎን ይሮጣል። ዘይትና ማሟሟቻ ጎማውን ይበላዋል። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ይሰነጣጠቃል። መጋረጃ መቀየር ደግሞ በቤት ከሚሞከሩት ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው። መጋረጃው በትንሹ ሲንጋደድ ፎቶው ይበላሻል።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ አሠሩት። ፊልም ሳታስገቡ፣ በየፍጥነቱ፣ ደጋግማችሁ ወጥራችሁ ልቀቁት። ቴሌቪዥን እያያችሁ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት የተቀመጠ የጨርቅ ሻተር በዚህ ብቻ የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። ስታስቀምጡት ደግሞ ሳትወጥሩት አስቀምጡት፣ ምንጩ ያርፋል።

ቀጥሎ ለኩት። ስልካችሁ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ቀስታ ቪዲዮ ካለው የመለኪያ መሣሪያ ይዛችኋል ማለት ነው። ሌንሱን አውጡ፣ የኋላ በሩን ክፈቱ፣ ካሜራውን ወደ ነጭ መብራት አዙሩና ሻተሩን ከኋላ ቅረጹት። ከዚያ ቪዲዮውን አንድ አንድ ምስል እያሳለፋችሁ ብርሃን የታየባቸውን ቁጠሩ። ለአንድ ነጥብ 1/30 ላይ ስምንት ምስል፣ 1/60 ላይ አራት ምስል መምጣት አለበት። 1/30 ላይ አሥራ ሁለት ከመጣ ሻተራችሁ በእውነቱ 1/20 ነው። ከ1/125 በላይ ስልኩ አይደርስበትም። እዚያ የምታዩት ቁጥሩን ሳይሆን እኩልነቱን ነው። 1/500 ላይ ብርሃኑ መስኮቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥ ሆኖ ካቋረጠ ደህና ነው። አንዱ ጎን ከጨለመ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን እየደረሰበት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ልጨምር። የኔጋቲቭ ፊልም የብርሃን ትርፍ በደንብ ይችላል። 1/30 ብሎ 1/20 የሚሠራ ካሜራ ጥሩ ፎቶ ያነሳል። እንዲህ ያለውን ካሜራ ልጠግን ብላችሁ አትክፈቱት።

ሻተሩ ሌንስ ውስጥ ከሆነና ቅጠሎቹ ከተጣበቁ፣ የሚሠራው የላይተር ቤንዚን ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ጠቅልሉ፣ አርጥቡት፣ ቅጠሎቹን በስሱ አስነኩ፣ ሻተሩን ልቀቁ፣ በደረቅ ጥጥ ጥረጉ። ከዚያ እንደገና። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ትደጋግሙታላችሁ። የመኪና ቤንዚን ወይም ላምባ አይተካውም፣ ሁለቱም ቅባት ትተው ይሄዳሉ። መስኮት ክፈቱ፣ ምድጃና ሻማ አጥፉ፣ ሲጋራም አይታሰብ።

ዘይት ጭራሽ አይገባም እያልኩ አይደለም። ማሽኑን የፈታ ሰው በመርፌ ጫፍ ይዞ በአንዳንድ ዘንግ ላይ ያስነካል። ከጣሳ በግፊት የሚነፋ ዘይት ግን የትም ቦታ የለውም።

«ቤት ያለ ካቻቢቴ ይበቃል»

አይበቃም። የጃፓን ካሜራዎች ባለ መስቀል ብሎን ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጋር አንድ አይደለም። በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የጃፓኑ መለኪያ ጄ.አይ.ኤስ ይባላል። የተለመደውን ስታስገቡበት ጫፉ እስከ ታች አይቀመጥም፣ ሲጠብቅ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይላጨዋል። ራሱ የተላጨ ትንሽ ብሎን ማውጣት የቀን ሥራ ነው። ዜኒት ላይ ያሉት በአብዛኛው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያላቸው ናቸው። እዚያ የሚያስፈልገው ስፋቱ ከመስመሩ ጋር ልክ የሆነ ካቻቢቴ ነው። የሌንስ ቀለበትን በፒንሳ ማዞርም የተለመደ ጥፋት ነው። ሁለት ጫፍ ያለው የቀለበት መፍቻ አለ፣ እሱን ፈልጉ።

ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በአወጣጣቸው ተራ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ አስቀምጡ፣ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ቦታ ቢቀያየሩ ችግር ነው። የላይኛውንና የታችኛውን ክዳን እስከማውጣት ድረስ ጠንቃቃ ሰው ሊሄድ ይችላል። የመጋረጃውን ምንጭ የሚያጠብቁት ትንንሽ ብሎኖች ጋ ስትደርሱ ግን ቁሙ። እነሱን ሳይለኩ ማዞር ሁሉንም ፍጥነት በአንድ ጊዜ ያዛባል።

«መስታወቱን በመስኮት ማጽጃ ወልውሉት»

አታድርጉት። የሚባለው ከሌንሱ ኋላ ሆኖ ምስሉን ወደ ዓይናችሁ የሚልከው መስታወት ነው። የቤት መስታወት የሚያንጸባርቀው ክፍል ከብርጭቆው ኋላ ነው። የካሜራው መስታወት ላይ ግን ፊት ለፊት ነው፣ ምንም መከላከያ የለውም። አንድ ጊዜ በጨርቅ ሲታሸት ይጫጫራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው። መስታወቱ ፎቶ ሲነሳ ተነስቶ ከመንገድ ይወጣል። እሱ ላይ ያለ አቧራ ለዓይናችሁ ይታያል እንጂ ፊልሙ ላይ አይደርስም። በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ እፍ በሉበትና ተዉት።

በዚህ ነጥብ ስር ጸሐፊው መናገር ሲገባቸው ያለፉት ነገር አለ። እሱም ስፖንጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ የጃፓን ካሜራዎች የኋላ በራቸው ዙሪያ ብርሃን እንዳያስገባ ጥቁር ስፖንጅ ተለጥፎበታል። መስታወቱ ሲነሳ የሚያርፍበት ቦታም እንዲሁ። ይህ ስፖንጅ በአየር እርጥበት ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ዛሬ ብትነኩት እጃችሁ ላይ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ፎቶ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ወይም ነጭ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። መስታወቱ ተጣብቆ የማይነሳ ካሜራም አጋጥሞኛል፣ ጥፋተኛው ያው ስፖንጅ ነበር።

በቤት ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ምንም ብሎን አይፈታም። ስቴኪኒውን አልኮል አስነክታችሁ የበሰበሰውን በትዕግሥት ፍቁ። የተፋቀው ወደ ሻተሩ እንዳይወድቅ ካሜራውን ወደ ታች ዘቅዝቁት። ቦዩ ንጹሕ ሲሆን ልኩን የቆረጣችሁትን ስስ ጥቁር ስፖንጅ ወይም ጥቁር የሱፍ ክር አስገቡ። ክሩ በጥቂት ማስቲሽ ይያዛል፣ እንደ ሱፉ ዓይነት ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ዜኒት ላይ የበሩ ጠርዝ ጥልቅ ቦይ ውስጥ ስለሚገባ ይህ ችግር ብዙም አይታይም።

ዜኒት ላይ ብርሃን የሚገባው ከመጋረጃው ቀዳዳ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከኋላ የእጅ ባትሪ አብሩና ከፊት እዩ። ትንንሽ ኮከብ የሚመስል ነጥብ ካያችሁ ቀዳዳ ነው፣ ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ጽሑፉ «በናስትሮ ለጥፉበት» ይላል። ናስትሮ መጋረጃውን ያወፍረዋል፣ ሲጠቀለልም ይይዘዋል። የሚሻለው ሲደርቅ የሚለጠጥ ጥቁር የጨርቅ ቀለም ነው። በቀጭን ብሩሽ በስሱ ቀቡት፣ በደንብ ሳይደርቅ አትወጥሩት።

«ሌንሱ ከሻገተ በበረኪና ጠርጉት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት»

ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ።

ሻጋታ ሌንስ ውስጥ የሚበቅለው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ክረምቱን ሙሉ በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ካሜራ ጥሩ መኖሪያው ነው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና። መጀመሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ይታያል። ከቆየ አሲድ እያመነጨ የሌንሱን ሽፋን፣ ከዚያም ብርጭቆውን ራሱን ይቆፍራል። ክሩ ይጸዳል። ጉድጓዱ ግን ለዘላለም ይኖራል።

በረኪና ሻጋታ ይገድላል፣ እውነት ነው። ግን የሌንሱን ሽፋንና የአሉሚኒየም ቀለበቶቹንም ያበላሻል። ዋናው ፍርሃቴ ሌላ ነው። የካሜራ ሰዎች ለሻጋታ የሚጠቀሙበት የታወቀ ውህድ አለ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አሞኒያ በእኩል መጠን፣ ጥቂት ብቻ፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ወዲያው ተበጥብጦ። ይህን የሰማ ሰው ጽሑፉን አንብቦ በረኪናውን ከአሞኒያው ጋር ቢቀላቅል የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪናና አሞኒያ በምንም ምክንያት አይገናኙም።

ውህዱን ስትጠቀሙም ከሌንሱ ተፈትቶ የወጣውን ብርጭቆ ብቻ በጥጥ ጠርጉ፣ አትዘፍዝፉት። በሙጫ የተጣበቁ ሁለት ብርጭቆዎች መካከል የገባ ሻጋታ ከሆነ ተዉት። ጥቂት ሻጋታ ያለበት ሌንስ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ፎቶ ማንሳቱን አያቆምም።

ወደ ፀሐዩ ስንመጣ ግማሽ እውነት አለ። በብዙዎቹ የፔንታክስ ሱፐር-ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር 1.4 ሌንሶች ውስጥ ቶሪየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ያለበት ብርጭቆ አለ። ከዓመታት በኋላ እንደ ሻይ ይቀላል። ያንን መልክ ፀሐይ በእርግጥ ይመልሰዋል፣ ለቀናትና ለሳምንታት ሲሰጣ ይነጣል። ለሻጋታ ግን ፀሐይ አይበቃም፣ ገድሎም ቢሆን ክሩን አያነሳም። ደግሞ ሌንሱ ብቻውን ይሰጣ። እንደ ፌድና ዞርኪ ያሉት ካሜራዎች ከመጋረጃው ፊት መስታወት የላቸውም። ሌንሱ እንደተገጠመ ወደ ፀሐይ ካዞራችኋቸው ብርሃኑ ተጠራቅሞ ጨርቁን ይበሳዋል። ብቻውን የተሰጣ ሌንስም ከወረቀትና ከመጋረጃ ይራቅ፣ እሳት ያስነሳል።

ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳው አውጥታችሁ፣ አዲስ ጫማ ውስጥ ከምታገኟት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ሻጋታውን መከላከል ከማጽዳቱ ይቀላል።

«ባትሪ ባትሪ ነው፣ መጠኑ ከገጠመ ይሠራል»

ስለ ባትሪ ቤት ዝገት የጻፉት ልክ ነው። ነጭና አረንጓዴ የሆነው ቅርፊት በአቼቶ ወይም በሎሚ ይሟሟል፣ ከዚያ በአልኮል ይጠረጋል። ጓንት አድርጉ።

ቮልቴጁ ላይ ግን ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ብዙ ካሜራዎች የተሠሩት 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነው። ያ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ቮልቴጁ አይወርድም ነበር። በመርዛማነቱ ምክንያት ታግዷል፣ አሜሪካ ሽያጩን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ ነው። በምትኩ የሚገባው አልካላይን 1.5 ቮልት ነው፣ ያውም እያገለገለ ሲሄድ ይወርዳል። ቮልቴጁ ሲበዛ የብዙ ካሜራዎች የብርሃን መለኪያ መርፌ ካለው በላይ ብርሃን ያለ ያስመስላል። እናንተም አሳንሳችሁ ታነሳላችሁ፣ ኔጋቲቩ ስስ ይሆናል። ሰው ከዚህ በኋላ ሻተሩን ይጠረጥርና ጤነኛውን ማሽን ይፈታል።

መፍትሔው ለመስሚያ መሣሪያ የሚሸጠው 675 የተባለው የዚንክ ባትሪ ነው። 1.4 ቮልት ነው፣ በጣም ይቀራረባል። ማሸጊያው ከተላጠ በኋላ ግን ዕድሜው አጭር ነው። የባትሪ ለውጥ የማያስጨንቃቸው ካሜራዎችም አሉ፣ ለምሳሌ ፔንታክስ ስፖትማቲክ። ከውስጡ የምታወጡትን የድሮ ሜርኩሪ ባትሪ እሳት ውስጥ አትጣሉ፣ ሕፃን በማይደርስበት አስቀምጡት።

ዜኒት-ኢ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ከሌንሱ በላይ ያለው ባለ ብዙ ጉብታ መስኮት ውስጥ ሴሌኒየም አለ፣ ብርሃን ሲነካው ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ወደ መስኮት አዙራችሁ በእጃችሁ ሸፍኑትና ግለጡት። መርፌው ካልተነቃነቀ በአብዛኛው ሞቷል፣ በቤት አይነሳም። ግን ምን ቸገረን? የስልክ መለኪያ አለ። እሱም ባይኖር፣ ጥርት ባለ ፀሐይ የብርሃን ስሜቱ 100 (አይ.ኤስ.ኦ 100) የሆነ ፊልም አስገብታችሁ አፐርቸሩን 16፣ ሻተሩን 1/125 ላይ አድርጉ። ሠፈር ውስጥ በቀትር ይሠራል።

«ፍላሽ ባለው ርካሽ የፕላስቲክ ካሜራ ተለማመዱ»

ይህ ምክር ከካሜራ አልፎ ሰው ይጎዳል።

ርካሽ ነው ማለታቸው ልክ ነው፣ ቢበላሽም አያሳዝንም። ነገር ግን ፍላሽ አብሮት የተሠራ ካሜራ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አለ። ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ብቻ ያሉት ካሜራ ለፍላሹ ብሎ ወደ 300 ቮልት ገደማ ያጠራቅማል። ባትሪውን ስታወጡ ይህ ኃይል አይጠፋም። ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። የፕላስቲኩን ሽፋን ከፍታችሁ ጣታችሁን ስታስገቡ የሚያገኛችሁ እሱ ነው። ያቃጥላል፣ እጅን በድንጋጤ ወደ ስለት ይወረውራል፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ የከፋ ነው። ካቻቢቴ አስነክቶ ማራገፍ የሚባለው ዘዴም ለጀማሪ አይደለም፣ ብልጭታው የብረት ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸው የካርቶን ካሜራዎችም ፍላሽ ካላቸው ያው ናቸው። ልጆች ለጨዋታ ሲፈቱ አይቻለሁ። እባካችሁ አስቁሟቸው።

ለመለማመጃ የሚሆነው ባትሪም ፍላሽም የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ መካኒካል የሆነና በእርግጥ የሞተ ካሜራ ነው። ሻተሩ የተቀደደ ዜኒት ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በነፃ ይሰጣችኋል። እሱን ፍቱት፣ ግጠሙት፣ እንደገና ፍቱት። የአባታችሁ ካሜራ ጋ የምትመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ዘይቱንና መስታወቱን በሚመለከት እንከራከር፣ ደስ ይለኛል። በረኪናውንና ፍላሹን የሚመለከቱትን ሁለት ምክሮች ግን ዛሬውኑ ከጽሑፉ ያውጧቸው። ጽሑፉን ለሌላ ሰው ያስተላለፋችሁም ብትሆኑ እነዚህን ሁለቱን ነጥሎ ለዚያው ሰው መንገር አይከብድም።